ያቋረጠችው መድኃኒት

ከበቆጂ ወደ አሰላ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ጥቁር የለበሱ እናት አጠገባቸው የተቀመጠችውን ነፍሰ ጡር ያነጋግሯት ጀመር።

«ለክትትል ነው ልጄ?»

«አዎ እማማ። የድብርት መድኃኒት እወስድ ነበር። ሳረግዝ ተውኩት።»

«ሐኪም ነው ያስተወሽ?»

«አማቴ ናቸው። ፅንሱን ይጎዳል አሉኝ።»

«አማትሽ ሐኪም ናቸው እንዴ?»

«እኔም ፈራሁ። መድኃኒቱ አፌን ያደርቀኝ፣ ያቅለሸልሸኝም ነበር። ግን ስወስደው እንቅልፍ ነበረኝ።»

«አሁንስ?»

«አልተኛም። ትናንት ውሃ ልቀዳ ሄጄ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆምኩ። ልገባበት አሰብኩ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ዛሬ ለእርስዎ ነው።»

«ይህንኑ ሳትደብቂ ለሐኪሙ ንገሪው። ለአንቺም ለፅንሱም የሚሻለውን እሱ ይወቅ።»

«አፍራለሁ እማማ።»

«አብሬሽ እገባለሁ።»

መኪናው ቆመና ረዳቱ ዞር አለ።

«እማማ፣ ሳጉሬ ደርሰናል። ለቅሶ ልደርስ ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ሂዱ ልጄ፣ አሰላ ድረስ ነኝ። ለሟቹ አልቃሽ ሞልቶለታል።»

እኔም የምወርደው ሳጉሬ ነበር፤ ግን ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።