የመታጠቢያ ቤቱ ጅኒ

ከሰንበቴ ወደ ከሚሴ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ አንዲት እናት ከጎናቸው ለተቀመጠው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያወራሉ።

«ልጄ ሻወሩን ስትነካ ይነዝረኛል ትል ነበር። ጅኒ ነው ብለን ቁርኣን አስቀራንባት።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ቀን እየታጠበች ያዛት። ቀበርናት።»

«አላህ ይዘንላት። የሻወሩን የውሃ ማሞቂያ ማን ገጠመው?»

«ወንድሟ። ሁለት ሽቦ ይበቃል ብሎ ሦስተኛውን ቆረጠው።»

«እሱ እኮ ነው ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው! ጅኒ ሽቦ አይፈልግም፣ እናቴ።»

«እንግዲህ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው።»

«ቀደር ይሁን። ማሞቂያው ተነቀለ?»

«ለምን ይነቀላል? ሸሁ ዱዓ አድርገውበት የለ! ዛሬ ጁምዓ አይደል፣ ምራቴ አሁን ልትታጠብ ገብታ ይሆናል።»

«ያ ረቢ! ቤት ይደውሉ፣ ቆጣሪውን እንዲያጠፉት!»

ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፤ የሚያነሳ የለም።

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ አልወረድኩም።