ከበርኖሱ ኋላ ያለው አግዳሚ

ከሽማግሌዎች ጋር ፊት ለፊት ቦታ የተያዘላቸው አሮጊት፣ ያንን ትተው ከክብር እንግዳው ጀርባ ያለውን አግዳሚ ቢመርጡ፣ ጉልበታቸውን አሟቸው ነው ትላላችሁ? የእትዬ አማከለች ጉልበት ደህና ነበር። ብዙ ዘመን በሰው አገር ኖረው፣ መጽሐፍ ሲገልጡ ዓይናቸው ደክሞ ተመልሰዋል። ያን ቀን መንዝ ውስጥ፣ ቀየት ላይ ድንኳን የተጣለው፣ እሳቸው ከኖሩበት ከተማ ለመጣ የስደተኞች ጠበቃ በርኖስ ለማልበስ ነው። እትዬ አማከለች ወደ ጎረቤታቸው ወደ እታገኝ ዘንበል አሉ፤ ድምፃቸውን ግን ዝቅ አላደረጉም።

«እታገኝዬ፣ ብርዱ እንዴት ከረመ? ገብሱስ ያዘ? ይህ ድንኳን ንፋሱን የሚችለው አይመስለኝም… ለነገሩ በርኖስ ለሚለብስ ሰው ብርድ ምኑ ነው? ትከሻውን አየሽልኝ? ለበርኖስ የተፈጠረ! ምንም አይከብደው… ምንም።

«መማር እንዲህ ነው። ስንቱን ከእስር አስፈታ፣ ስንቱን ከነልጆቹ ከመባረር አዳነ። በዓይኔ ያየሁትን አልክድም። አንደበቱስ ብትይ! በማኅበራችን አዳራሽ ‹የመንዝን ሰው ዳኞች አያውቁትም፤ መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል እንጂ፣ ደግመው ካልጠየቁት ጉዳቱን አያወጣም› ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የኔ እጅ ብቻ… ከብርዱ ይሆናል፣ አልታዘዝ አለኝ። የዚያን ዕለት ጧት ከችሎት ነበር የመጣሁት።

«የእህቴን ልጅ አብነትን ታስታውሺዋለሽ አይደል? እስር ቤት ግራ እጁን ሰብረውበት፣ አምልጦ እኔ ዘንድ መጥቶ ጥገኝነት የጠየቀውን። ዳኛዋ ‹እስር ቤት እንዴት ያዙህ?› አለችው። ምስኪን! ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ በእሮሮ ይጀምራል እንዴ? ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነበርኩ› አለ። ማመልከቻው ተደበደብኩ ይላል፣ አፉ ደህና ነበርኩ ይላል። ውሸታም ተባለ። ዳኛዋ ምን ታድርግ? በእሷ አገር ደህና ነኝ ያለ ሰው ደህና ነው።

«ከጎኑ ጠበቃ ነበረው… ስሙ ምን ያደርግልሻል? ከዚሁ ከእኛው አፈር የበቀለ፣ የሰላምታችንን ወግ ከእናቱ ጉያ የተማረ። ‹እጅህንስ ምን አገኘው?› ብሎ ቢጠይቀው ልጁ ሁሉን ይዘረግፈው ነበር። ግን ጨዋ ነው፤ ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባም። ሰዓቱን አየና ወረቀቱን ሰበሰበ። ምን አስቸኮለው አትበይኝ፤ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ስለ ወጋችን ንግግር ነበረበት። ወገኑን ማስጠበቅ አይሆንለትም! እኔ የዚያን ቀንም እንዲህ ከኋላ ነበር የተቀመጥኩት። ከኋላ የተቀመጠ እንዲናገር አይፈቀድም። ማጅራት ግን በደንብ ይታያል…

«አብነትማ ተባሮ ወደዚሁ ተመለሰ። በመጣ በዓመቱ የሸሻቸው ሰዎች አገኙት። መቃብሩ ያውና፣ ከድንኳኑ በር ይታያል። እንግዳችን ሲገባ ለቤተ ክርስቲያኑ ባርኔጣውን አንስቷል፤ ሃይማኖቱም የጸና ነው።»

ከመድረኩ «እትዬ አማከለች ይመርቁልን!» ተባለ። ተነሡ። እጃቸውን በአዲሱ በርኖስ ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥህ። ስምህ በየአገሩ በክብር ይጠራ። በመጨረሻም ከዚያ ከትልቁ ዳኛ ፊት ስትቀርብ ብቻህን አያቁምህ። የአገርህን ወግ የሚያውቅ፣ እንዳንተ ያለ ጠበቃ ከጎንህ ያቁምልህ… ልክ እንዳንተ ያለ።»

ድንኳኑ በሙሉ «አሜን!» አለ። በርኖስ የለበሰው ሰው ብቻ ዞር ብሎ በድንኳኑ በር ወደ መቃብሩ ተመለከተ።

እታገኝ ነጠላቸውን ያዝ አድርጋ ወደ እሱ ጎተት አደረገቻቸው፤ እንዲታረቁ ነው።

«ልቀቂኝ፣ እታገኝ። እሱንም ሆነ ያጨበጨበለትን፣ ማንንም ይቅር አልልም።»