ጳጉሜን የማያውቅ ፕሮግራም

ሠርክዬ፣ አንገትሽን ቀና አድርጊልኝ... እንዲህ። ከኪሌሌሽዋ በሁለት ማታቱ ታክሲ ናይሮቢን አቋርጠሽ፣ ተንገላተሽ ለፀጉር ብለሽ ሳውዝ ሲ ድረስ መምጣትሽ፣ ውለታሽን እሱ ይክፈልልኝ። ዝናቡስ ያዘሽ እንዴ? ቢጉዲኑን ካጠበቅሁት ንገሪኝ።

ድምፄን ቀነስ ላድርግ መሰለኝ፤ ባንኮኒው ጋ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው አለ። አንዷን ገጽ ከጀመረ ግማሽ ሰዓት አለፈው። ጠልቆ የሚያነብ ሰው ደስ ይለኛል።

አንዲት የማውቃት ፀጉር ሠሪ አለች፤ ስም አልጠራም፣ ሐሜት ኃጢአት ነው። የስደተኛ ወረቀት እንጂ ኪፓንዴ፣ የኬንያ መታወቂያ ማለቴ ነው፣ የላትም፤ ስለዚህ የሳሎናቸው የባንክ ደብተር በሸሪኳ ስም ነው። ታድላ! ሰባት ዓመት ሙሉ ደብተሩን አንድ ቀን እንኳ አሳይቶ አላስጨነቃትም።

ዘንድሮ ለአንድ ዕቃ የሚበቃ ገንዘብ ተጠራቀመ። እሷ ፓርክላንድስ ሄደን በዲስኬት የሚሸጠውን የሂሳብ ፕሮግራም እንግዛ አለች፤ ገቢና ወጪ ሲያስገቡለት የየአንዳንዱን ድርሻ ቁልጭ አድርጎ የሚያወጣውን። እሱ ደግሞ የለም፣ ካርድ የሚቀበል ማሽን ይሻላል አለ። ደንበኛ ካርዷን ትሰጣለች፣ ገንዘቡ በቀጥታ ባንክ ይገባል። ባንክ ማለት... አዎ፣ እዚያው። ደንበኞቿ ሺሊንግ በመሀረብ ቋጥረው የሚመጡ ናቸው፤ ቢሆንም እሱ አርቆ አሳቢ ነው። ከባለቤቱ ያወቀ... ወዳጅ ነው እንበል።

ታዲያ ሱቁ ሲደርሱ የፕሮግራሙን ሻጭ ምን ብሎ ቢጠይቀው ጥሩ ነው? «ፕሮግራምህ ጳጉሜን ያውቃል?» ምስኪኑ ሻጭ ከየት ያውቃል! «እንግዲያው የአሥራ ሦስት ወር አገር ሰው በዚህ አይቆጠርም» ብሎት ወጣ። አገሩን እንዴት ቢወድ ነው? የቤት ኪራይ ሲቀበሉት በኬንያ ወር ነው፤ ለሠራተኞቹ ሲከፍል ግን በሐበሻ ወር። ጳጉሜ ደግሞ እንደምታውቂው ደሞዝ የለውም... እዚህ ናይሮቢ! ለዘመን መለወጫ ገበያው ሲደራ፣ ሠራተኞቹ አምስት ቀን ሙሉ ቆመው ለአገር ፍቅር ይሠራሉ።

ያን ቀን ሴትዮዋ አንጀቷ አረረ። ሰባት ዓመት እግሯ እያበጠ የሠራችው በሰው ስም ተቀምጧል፤ ማሽኑ ዛሬ ከሰዓት ከተገዛ የቀረውም ይከተላል። እሷ ደግሞ ያለ እሷ ፈቃድ እንዳትሸጥለት ብላ የማሽኑ ሻጭ ጋ ጠዋት ደውላለች፤ እሱ ገና አልሰማም... ጋዜጣውም ያው ገጽ ላይ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል አይደል? እሱን የሚቆጨው ነገር ያለ አይመስለኝም።

እኔ ግን ክፉ አልመኝለትም። ጌታ ይባርከው፣ ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ልጆቹን ለቁም ነገር ያብቃለት። አንቺም አሜን በይ፣ ሠርክዬ... አርጅቶ እጁ መያዝ ሲያቅተው፣ እሱ የሷን እንደያዘላት አድርጎ የሱን የሚይዝለት ታማኝ ሰው ይስጠው።