የፈላ በረዶ

የምግብ ቤታችን ባለቤት ጋሽ አለባቸው፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጎረቤቶች፤ እትዬ ኑርያን ለምንሸኝባት ለዚህች ቀን ያደረሰን ጌታ ይመስገን። ብዙ አልተማርኩም፣ ንግግርም አላውቅም። ይህን ወረቀት ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ፤ የማነበው አራተኛውን ነው።

እትዬ ኑርያ ወጥ ቤቱን ሊመሩ እዚህ ሰው አገር፣ ሃይ ማላካል ሰፈር፣ ምግብ ቤታችን የመጡ ዕለት ሻንጣቸውን እንኳ ሳያወርዱ ጋሽ አለባቸው የማንጎ ጭማቂ አስቀረቡላቸው። አልጠጡም። በረዶውን በማንኪያ አወጡና ወደ ፀሐይ አንስተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በረዶ ነዋ!» አሉ ጋሽ አለባቸው።

«በረዶ ውስጥ ሣር ይበቅላል እንዴ?»

ከባንኮኒው ኋላ ሆነን ሳቅን። «እቺ ሴትዮ ሳምንት አትቆይም» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ቆዩ። ከተማውን ያመሰው የታኅሣሡ ተኩስ ስንቱን ጀግና ነኝ ባይ ሲያስሮጥ እንኳ ንቅንቅ አላሉም። ዛሬም ጡረታ ያወጣቸው ጉልበታቸው ነው እንጂ ማንም አይደለም።

«እጅ!» ብለው ሲጮሁ ያልደነገጠ እዚህ አለ? ረፊቅ፣ አትሳቅ፤ በረዶ በጣትህ ስታነሳ በጭልፋ የተመታኸው አንተ ነህ። የበረዶውን ውሃ በከሰል ያፈላሉ፤ ተንተክትኮ እስኪበቃው ከአጠገቡ አይነሱም። አጥልለው፣ ከድነው፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃሉ። ከዚያ ነው በታጠበ የብረት ሳህን ፍሪዘር የሚገባው። እዚያ ፍሪዘር ውስጥ ሌላ ነገር ማስገባት ክልክል ነው። ጋሽ አለባቸው አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ፣ ከጉምቦ ያመጡትን ዓሣ ሸጎጡበት። ሲመለሱ ዓሣው ቢሯቸው ውስጥ፣ የንግድ ፈቃዱ ላይ ተኝቶ ጠበቃቸው።

«ኑርያ! ይሄ ዓሣ ጠረጴዛዬ ላይ ምን ይሠራል?»

«እኔ ፍሪዘር ውስጥስ ምን ይሠራ ነበር?»

ሌሎቹ ምግብ ቤቶች «የፈላ በረዶ የሚሸጡት» እያሉ ሳቁብን። ይሳቁ። የእነሱን በረዶ እናውቀዋለን። ውሃው በቦቴ ከወንዝ ይቀዳል፤ ማን አጣራው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በረዶው ግንድ አክሎ፣ በአሮጌ ጆንያ ተጠቅልሎ ቦዳቦዳ በሚሉት ሞተር ላይ ተጭኖ ይመጣል። ሻጩ «ተልጅ ኩዌስ!» ይላል፤ ጥሩ በረዶ ማለቱ ነው። ጥሩነቱን መሬት ለመሬት ሲጎትተው ታያላችሁ። ከዚያ በፌሮ ይፈልጡታል፤ ፌሮው ጠዋት የተደፈነ ቦይ ሲከፍት የነበረ ነው። ግድግዳቸው ላይ ግን «ንጽሕና መለያችን ነው» ብለው በቀይ ቀለም አስጽፈዋል።

ደንበኛውስ? ባለ ክራባቱ፣ ባለ ትልቅ መኪናው! የታሸገ ውሃ ካልሆነ አይነካም። ክዳኑ ሲከፈት ቀጭ ማለቱን ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። አዳምጦ ሲያበቃ ያንን ንጹሕ ውሃ የጆንያው በረዶ ላይ ያፈስሰዋል። ይህን ሰው ስንት ዓመት ስንቀው ኖርኩ!

ሰውን መናቅ አይከብድም። ራሴን ስመረምር ግን ከእሱ የባስኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት፣ ኮሌራ ከተማችን በገባበት ወር፣ የአርባ ሰው የምሳ ግብዣ ነበረን። ጄኔሬተሩ ሁለት ቀን ተበላሽቶ የእትዬ በረዶ አልቋል። እሳቸው ገበያ ነበሩ። እንግዶቹ በዚያ ሙቀት «ቀዝቃዛ! ቀዝቃዛ!» ሲሉ እኔ ቦዳቦዳ ላክሁ። ግንዱን አስመጣሁ፣ ፈለጥኩ፣ በየጆጉ ጨመርኩ። በእጄ። እትዬ ሲመለሱ ጆጎቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ዘንቢላቸውን ጥለው እያንዳንዱን ጆግ እንግዶቹ ፊት መሬት ላይ ደፉት። ሰዉ ምሳውን ትቶ፣ እየተሳደበ ወጣ።

ጋሽ አለባቸው «ይሄን በረዶ ያስገባው ማነው?» አሉ።

እሑድ እሑድ እጁን ዘርግቶ የሚዘምረው ሰውዬ፣ እኔ፣ መሬት መሬት አየሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ እትዬ ኑርያ። «የሚበቃ በረዶ አላዘጋጀሁም።»

ከወጥ ቤት ኃላፊነታቸው ወርደው ሦስት ወር ሰሃን አጠቡ። በስልሳ ዓመታቸው። አጠገባቸው ሄጄ «ለምን ሸፈኑኝ?» ብላቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ባለቤትህን ከቀበርክ ዓመት አልሞላህም። ልጆችህ ከአንተ ሌላ ማን አላቸው? ይልቅ ሂድና እጅህን ታጠብ» አሉኝ።

ጋሽ አለባቸው፣ ዛሬ ይወቁት፤ በረዶውን ያስገባሁት እኔ በድሉ ነኝ። አምላኬን ብዙ ጊዜ ይቅርታ ለምኛለሁ፤ የበደልኩትን ሰው ግን አልለመንኩም። እትዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይቅር ይበሉኝ። እጅዎን አያወዛውዙ፤ በ«ተወው» አላልፈውም።

እናመሰግንዎታለን። በዚያ ክፉ ወር እኛ ቤት ጠጥቶ ታመመ የተባለ ሰው አልሰማንም። ከእነዚያ አርባ ሰዎች ግን አንዳቸውም ተመልሰው አላመሰገኑዎትም። እስካሁን እብድ ሴትዮ እያሉ ያሙዎት ይሆናል።

ጋሽ አለባቸው፣ ዛሬ ጠዋት «ከሰኞ ጀምሮ ግንዱን እናስመጣለን፤ አሁን ማን ቁጭ ብሎ ያፈላል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ አፈላለሁ። ላጠፋሁት ሰሃን እጠብ ይበሉኝ፣ አልቀየምም፤ አሰናብትሃለሁ ካሉም መብትዎ ነው። ያ ጆንያ ግን በዚህ በር እንዳይገባ እትዬ ኑርያ እየሰሙ ቃል ይግቡልን።

አሁን ሁላችሁም ተነሡ። ግማሻችን አልኮል በሃይማኖታችን አንጠጣም፤ የከርከዴ ጭማቂያችሁን አንሱ። እትዬ ኑርያ፣ ከሚሴ በሰላም ይግቡ። ልጆችዎ ይጡሩዎ። አላህ ጉልበትዎን ይመልስልዎ፤ እኔም እንደ እምነቴ እጸልይልዎታለሁ። ከእንግዲህ እርስዎ አረፍ ይበሉ፣ ሌላ ሰው ቀድቶ ያቅርብልዎ።

ለእትዬ ኑርያ!

ቆይ፣ ማንም እንዳይጠጣ። ጋሽ አለባቸው፣ ብርጭቆአችንን ይዘን ቃልዎን እየጠበቅን ነው።