ከጅዳ የመጣው ካሴት

የእናቴ ድምፅ ያለበት ካሴት ሻገተ። ልጆች ሳለን ለሥራ ከሄደችበት ከጅዳ የላከችልን ነው። እሷ እዚያው አረፈች፤ ከዚህ ሌላ ድምፅ አልተወችም።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ቴፕ ለሚጠግኑት ለአያ እንድሪስ ወሰድኩላቸው። የካሴቱን ክር በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ይሄማ ገንፎ ሆኗል፤ ጣለው» አሉኝ።

«አልጥለውም። ያውጡልኝ።»

«አንተ ደረቅ! ወላሂ፣ ከድርቅናህ ለክሩ ባካፈልከው» ብለው ሳቁ። «የደሴ እርጥበት ነው የጎዳው። ኮምቦልቻ አውርደውና ሙቀት ያግኘው፤ ፀሐይ ግን እንዳይነካው።»

ኮምቦልቻ ወዳጄ ቤት አስቀመጥኩት። ሲደርቅ መልሼ አመጣሁት። አያ እንድሪስ ክሩን በጥጥ እየጠረጉ ወደ ሌላ የካሴት ቀፎ አዛወሩትና ቴፑን ከፈቱ።

«አሰላሙ አለይኩም ልጆቼ» አለች እናቴ። «ከድጃ፣ አለሽ?»

ከዚያ ዝም አለች። አያ እንድሪስ፣ «ተበላሸ!» ብለው ሊያጠፉት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«አልተበላሸም። መልስ እየጠበቀች ነው።»

ያኔ በልጅነታችን ገበያ ስንሸከም ውለን ስንገባ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል የጎረቤት ቴፕ ተውሰን ካሴቱን እንከፍተው ነበር። ስማችንን ስትጠራ በሰጠችን ፋታ በየተራ እንመልስላታለን።

«ሁሴን፣ አለህ?»

አሁንም ዝምታ። እህቴንም ወንድሜንም ቀብሬያቸዋለሁ። አያ እንድሪስ ከቴፑ ላይ እጃቸውን አነሱ።

«ሰይድ፣ አለህ?»

«አለሁ እማዬ» አልኳት። ከጠራቻቸው ልጆች የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።