እንግሊዝ አገር ማደር
ከኢስት ፖይንት በተሳፈርኩበት ባቡር፣ የኤርፖርት ዩኒፎርም የለበሰ ጎልማሳና አንዲት እናት ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ። እንዳልሰማ የምሆነው እኔ ብቻ ነኝ እንጂ አትላንታ በሙሉ ሰምቷቸዋል።

“እትዬ፣ ልጄ እንግሊዝ አገር ስኮላርሺፕ አገኘች። ትምህርት ቤቱ ኖኅ ከመርከቡ ሳይወርድ የተከፈተ ነው አሉ።”

“እልል በላ! ምን ያስተክዝሃል?”

“አዳሪ ነዋ! ወንዱም ሴቱም አንድ ግቢ!”

“ታዲያ እዚህ የምትማረው ገዳም ነው?”

“እዚህማ አደርሳለሁ፣ አመጣለሁ። እዚያም እኮ ማታ ቤታቸው የሚገቡ ተማሪዎች አሉ።”

“የእሷ ቤት እዚህ አትላንታ ዳር፣ ስኔልቪል! በምን ትመላለስልህ?”

“ትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ልከራይ አስቤ ነበር።”

“ሚስትህ ምን አለች?”

“‘ሂድልኝ’ አለች።”

“ለመሆኑ ልጅቷ ጓደኛ ቤት ለማደር፣ ስሊፕኦቨር፣ ሄዳ ታውቃለች?”

“ምን ሲደረግ! ልደት እንኳ ስትጠራ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ነው የምጠብቃት።”

“ወይ ጉድ! መልሱን መቼ ነው የምትሰጠው?”

“ዛሬ። ዛሬ ካልፈረምኩ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል።”

ይሄኔ የሰውዬው ስልክ ጠራ። ልጁ ነበረች።

“ወዬ እናቴ… እሺ፣ እፈርማለሁ። አትጩኺ፣ ባቡር ውስጥ ነኝ! ግን ቅዳሜ ጓደኛሽ ሔለን ቤት እደሪ… አዎ፣ ስሊፕኦቨር! ኧረ አልታመምኩም! አንድ ሌሊት እችል እንደሆነ ራሴን ልየው ብዬ ነው።”

እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ ልጄ ጠዋት “ጓደኛዬ ቤት ልደር?” ብሎ ለላከልኝ ቴክስት የመለስኩለትን “አይሞከርም!” ከፍቼ ደጋግሜ አነበብኩት።