ስሜ የተጻፈበት የ"አለፈ!" ኬክ

ክቡራትና ክቡራን፣ የጡረታ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፤ በዚህ ሁሉ ጭንቀት መሀል ለእኔ ስንብት ብላችሁ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አለቃችን ሚስተር ኦስጉድ "አጠር አድርጊው በርኒስ፣ የጡረተኞቹ ስልክ እየጮኸ ነው" ብለውኛል። ይጩኻ! እኔ ዛሬ ስልክ አላነሳም።

ኬኩን አያችሁት? ከስሜ ሥር የተፋቀ ሰማያዊ ነገር ይታያል አይደል? ግሌንዳ፣ አትደበቂ! ይሄ ምክር ቤቱ የመንግሥትን የብድር ጣሪያ ከፍ ያደረገ ቀን የምንቆርሰው ኬክ ነው። ሁልጊዜ አስቀድማ "አለፈ!" አስብላ ታሠራዋለች፤ ፍሪዘር ውስጥ ይከርማል፤ እዚያ ማዶ እንደራሴዎቹ ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በመጨረሻዋ ሰዓት ያሳልፉታል፣ እኛም እንበላለን። ትናንት ግን አላለፈም፤ መንግሥት ካልተበደረ ደግሞ ጡረታ የሚከፍልበት የለውም።

"ታዲያ ልጣለው?" አለችኝ ግሌንዳ።

"ፋቂውና የእኔን ስም ጻፊበት" አልኳት።

አንዱ ወገን "መጀመሪያ ወጪ ይቀነስ" ይላል። ሌላው "ራሳችሁ ያጸደቃችሁት ወጪ ነው፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይለፍ" ይላል። ሥልጣን ሲቀያየሩ ንግግሩንም ይቀያየሩታል። አንድ ጊዜ አንድ እንደራሴ ሊጎበኙን መጥተው "ጌታዬ፣ ባለፈው እኮ የተናገሩት የዚህን ተቃራኒ ነበር" ብላቸው "ያኔማ ተራው የእኛ ነበር" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

እናንተስ ብትሆኑ? ዲሞክራቶቹ በመስኮቱ በኩል፣ ሪፐብሊካኖቹ በበሩ በኩል ተቀምጣችኋል። ድሮ ሳንድዊች ትካፈሉ ነበር እኮ!

የዌስት ቨርጂኒያውን ሚስተር ፕሩትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ የድንጋይ ከሰል ሲቆፍሩ ያረጁትን። ጡረታቸው የሚስታቸው የኦክስጅን መሣሪያ ኪራይ ነው። የጣሪያው ጭቅጭቅ በተነሳ ቁጥር ይደውላሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ጡረታዬ ይገባል ወይስ አይገባም?"

"ይገባል፣ ሚስተር ፕሩት።"

"እስቲ ሙች በይኝ!"

"ይሙቱ!"

ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስል ኖርኩ። አምኜበት ነበር፤ ሁልጊዜም ይገባላቸው ነበር። ትናንት ጣሪያው ምክር ቤት ውስጥ በድምፅ እንደወደቀ ደወሉ። "ይገባል?" አሉኝ። አፌ ተሳሰረ። እሳቸውም "ሰማሁሽ፣ ልጄ" ብለው ዘጉት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወዲህ እንጀራዬን አስጠልቶኛል። ሁለቱ ወገኖች ይታረቃሉ ብዬ ተስፋ ማድረጉንም ትቼዋለሁ።

እንግዲህ እግዜር የምትመልሱትን ቃል አያሳጣችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። እናንተንም መልሶ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣችሁ። ኬኩን ብሉ፤ ሌላ እንኳ የምታዝዙ አይመስለኝም።

ከሰኞ ጀምሮ እኔም ጡረተኛ ነኝ፤ የምደውለውም እኔ ነኝ። "ይገባል?" ስላችሁ ለማጽናናት ብላችሁ እንዳትዋሹኝ። ዝም ብትሉም እሰማችኋለሁ።